ቀዩ ክር መጨረሻ ነው

ጥር 9

ይህ ደብዳቤ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ለምትፈልገው እናቴ ይድረስ።

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? አባዬስ? መጀመሪያ ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ፤ አለበለዚያ የቀረውን እንደማታነቢው አውቃለሁ። አዎ፣ ቁርስ እበላለሁ። አዎ፣ ሹራቡ ልክ ሆኖኛል፤ እጅጌው ብቻ ለሁለት ሰው ይበቃል። አይ፣ አልከሳሁም። በፎቶው ላይ ከጎኔ የቆመው ሰውዬ ደግሞ ማንም አይደለም፤ አብሮኝ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው። በቀን ከአሥር ቃል በላይ ስለማይናገር ሁላችንም «ዝምተኛው» እንለዋለን።

ጎረቤት ስለ ሥራዬ ሲጠይቅሽ የምትመልሺው አጥተሽ «ልጄ የሆነ ነገር ታዞራለች» ማለትሽን ሰምቼ በሳቅ ሞትኩ። ግን እውነትሽን ነው፤ እናዞራለን። አንድ ትልቅ አዳራሽ አስቢ። ወለሉ ላይ ሠላሳ ሜትር ዙሪያ ያለው የብረት ቱቦ በክብ ተዘርግቷል፤ እኛ ቀለበት እንለዋለን። ውስጡ አየር እንኳን የለም። በዚያ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ይሮጣሉ፤ እናንተ ወርክሾፕ ውስጥ ለተቃጠለ ሞተር በምትጠመጥሙት የመዳብ ሽቦ ውስጥ የሚንፏቀቁት እነዚያው ናቸው፤ እዚህ ግን ሽቦ የለም፣ ባዶ ሜዳ ነው። ቀለበቱ ላይ አንድ ቦታ የኤሌክትሪክ መስክ አለ፤ ባለፉ ቁጥር ከኋላቸው ገፋ ያደርጋቸዋል። በየመታጠፊያው ደግሞ ማግኔት አለ። ማግኔቱ አይገፋም፤ ፍጥነታቸው ላይ አንዲት ነገር አይጨምርም። ከጎን ይዞ መንገድ ያስይዛቸዋል እንጂ። እሱ ባይኖር ቀጥ ብለው ሄደው ግድግዳ ይመታሉ። በሰከንድ አሥር ሚሊዮን ጊዜ ይዞራሉ፤ ሲታጠፉም ብርሃን ይሰጣሉ። የምንፈልገው ያንን ብርሃን ነው። በእሱ የአጥንትን ውስጥ ማየት የሚፈልጉ ሐኪሞች ከአሁኑ ተራ ይዘው እየጠበቁን ነው።

የኔ ድርሻ ሂሳቡ ነው፤ ማግኔቶቹ በየትኛው ቅጽበት ምን ያህል መጠንከር እንዳለባቸው የማሰላው እኔ ነኝ። ቀንም ተቆርጦልናል። እስከ መጋቢት 15 ኤሌክትሮኖቹ ሙሉ ጉልበታቸው ላይ ደርሰው ካልዞሩ ቀለበቱ ይፈታል፣ አዳራሹ የዕቃ ማከማቻ ይሆናል፣ ስድስታችንም እንበተናለን። አትጨነቂ፤ ይዞራሉ። ሰሞኑን አንዲት ትንሽ ማግኔት ተቃጥላብን ነበር፤ እሷም እየተሠራች ነው።

አባዬን ደህና በሚሰማው ጆሮው በኩል ሳሚልኝ።

ልጅሽ


ጥር 21

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ሲደርስ አንድ የውሃ ፓምፕና አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሞተር ጠረጴዛው ላይ ተበታትነው ነበር። እጄን ሳልታጠብ ነው የከፈትኩት። ይህ ወረቀት ላይ የምታዪው ቡኒ የጣት አሻራም የኔው ነው፤ ቫርኒሽ በሳሙና አይለቅም፣ ታውቂያለሽ።

እንደ ሁልጊዜው ለአባትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ቀለበት» ያልሽው ጋ ስደርስ ልቤ ዘሎ ነበር፤ ቀጥዬ ሳነብ የብረት ቱቦ ሆኖ ተገኘ። ይሁን፣ ሁሉም በጊዜው ነው። አባትሽ ደግሞ የማግኔቱን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመኝና ቀኑን ሙሉ «አይገፋም፤ መንገድ ያስይዛል እንጂ» ሲል ዋለ። የፓምፑ ባለቤት ዕቃውን ሊጠይቅ ሲመጣም በሩ ላይ ተቀብሎ «አይገፋም እኮ!» አለው። ሰውየው ስለ ፓምፑ የተነገረው መስሎት ሊጣላን ደረሰ። በስንት ልመና አረጋጋሁት።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በዞሩ ቁጥር ከኋላ የምትገፏቸው ከሆነ ፍጥነታቸው የት ሊደርስ ነው? ማለቂያ የለውም? ደግሞ ያቺን የተቃጠለች ማግኔት የሚሠራት ማነው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። እንደኛ ያለ ሰው እዚያም አለ?

ያልኩሽን አትርሺ። አንቺን ያስተማርኩሽ እጅሽ ቫርኒሽ እንዳይነካው ነው። በአሥራ ስምንት ዓመትሽ ከዚህ ወርክሾፕ ስትወጪ «ሁለተኛ ሽቦ አልጠመጥምም» ብለሽ ምለሽልኛል። ለአንድ ቤት የኔ ጥፍር ይበቃል።

እናትሽ


የካቲት 6

እማዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ጽሕፈቴም ከተንጋደደብሽ ይቅርታ፤ አመልካች ጣቴን ቆርጦኝ አመርቅዞ ነበር፣ አሁን ተሽሎታል። በመሃል የላክሽው ካልሲና አጭር ማስታወሻሽ ደርሶኛል። አይ፣ ዝምተኛው አላገባም። ምነው ጠየቅሽ?

ስለ ፍጥነቱ ግን ልክ ቦታው ላይ ነው ጣትሽን ያሳረፍሽው። ማለቂያማ አለው። ብርሃንን የሚቀድም የለም። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ቀለበቱ ሲገቡ ጀምሮ ብርሃንን ሊደርሱባት ለጥቂት ነው የሚቀራቸው፤ ያቺ ጥቂት ግን መቼም አትሞላም። ከዚያ በኋላ ብንገፋቸው ብንገፋቸው ፍጥነታቸው እምብዛም አይጨምርም። ግፊቱ ግን ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ይከብዳሉ። ለማግኔቱ ማለቴ ነው፤ ለማጠፍ እያስቸገሩ ይሄዳሉ። ቆሞ ካለ ኤሌክትሮን መቶ እጥፍ፣ ከዚያ ሁለት መቶ እጥፍ፣ መጨረሻ ላይ ስምንት መቶ እጥፍ የከበዱ ያህል ነው። ስለዚህ እነሱ ሲከብዱ ማግኔቶቹም እኩል እየጠነከሩ መሄድ አለባቸው። ማግኔቱ ከዘገየ ወደ ውጭ ያፈተልካሉ፤ ከቸኮለ ወደ ውስጥ ይወድቃሉ።

ችግራችንም እዚህ ላይ ነው። ሁለት መቶ እጥፍ አካባቢ ሲደርሱ፣ ሁልጊዜ እዚያው ላይ፣ ግድግዳ መትተው ይጠፋሉ። በዚያ ሰዓት የምትነሳ አንዲት ትንሽ ማግኔት አለች፤ የቀለበቱን ጥቃቅን ጉድለት የምታቃና። ያቺ ተቃጥላ የተሠራችው ናት። አቅም አንሷት ይሆናል ብለን ኃይል ጨመርንላት፤ ጭራሽ ቀድመው ወደቁ። ደግመን ጨመርን፤ ባሰባቸው።

አለቃዬ ጥሩ ሰው ናቸው። ትናንት ግን በሩን ዘጋ አድርገው «የክብደቱ ሂሳብ ላይ ስህተት ይኖር ይሆን?» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ከባዶ ወረቀት ጀምሬ ሠራሁት፤ ያው ነው የሚመጣው። እማዬ፣ ሂሳቤን ካላመንኩ ምኔን ላምን ነው? በጣም ፈርቻለሁ።

ልጅሽ


የካቲት 17

ልጄ፣

የክብደቱ ነገር ገብቶኛል። ስትገፊው የማይፈጥን፣ ይልቁንም የሚከብድ ነገር ከሆነ፣ እኔ ከእንዲህ ያለው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ይህን ስጽፍ በአፌ ስለው አባትሽ «ምን አልሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

ሌላው ይቆየን። ጣትሽን የቆረጠሽ ምንድን ነው? ሂሳብ የምትሠራን ልጅ የሚቆርጣት ወረቀት ነው፤ ወረቀት የቆረጠው ደግሞ አያመረቅዝም። መዳብ ግን ያመረቅዛል። እኔ ይህን ከማንም ሐኪም በላይ አውቃለሁ፤ አሥሩም ጣቶቼ ምስክሮቼ ናቸው። ማግኔቷን ማን ይሠራታል ብዬ ስጠይቅሽም ዘለልሽኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ቁስሉን ለብ ባለ ውሃና በጨው እጠቢው። ከታጠብሽ በኋላ እውነቱን ጻፊልኝ።

እናትሽ


የካቲት 28

እማዬ፣

አዎ፣ የጠመጠምኳት እኔ ነኝ። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ እባክሽ ይቅር በይኝ።

አዲስ ማስመጣት አራት ወር ይፈጃል ተባለ። የቀረን ሁለት ወር ነበር። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ «እኔ እኮ የሞተር ጠምጣሚ ልጅ ነኝ» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ። አንድም ሰው አላመነኝም። ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብዬ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዙር ጠመጠምኩ። እንዳስተማርሽኝ በየንብርብሩ መሃል ወረቀት እያስገባሁ፣ ሽቦው እንዳይላላ በጣቴ እየወጠርኩ፣ ስጨርስም ጫፉ ላይ ቀይ ክሬን አስሬ። ካሰርኩት በኋላ ትንሽ አለቀስኩ፤ ቫርኒሹ ወርክሾፑን ይሸታል። እማዬ፣ ብታያት ትኮሪባት ነበር። ዝምተኛው ተቀብሎኝ ቦታዋ ላይ ሲገጥማት «ቆንጆ ናት» አለ፤ ከዕለቱ አሥር ቃል ሁለቱን ለእሷ አወጣ ማለት ነው። ጉልበቷን ስንለካው ደግሞ ከሚፈለገው ጋር አንድ ሆነ።

ስለዚህ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የቀረው የኔ ሂሳብ ነው። አለቃዬ እስኪጠይቁኝ አልጠብቅም፤ ስህተቱ የኔ ብቻ ነው፣ እኔን አሰናብቱኝ፣ ለሌሎቹ ግን ቀን ጨምሩላቸው ብዬ ጽፌያለሁ። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። መጋቢት 12 እሰጣቸዋለሁ።

አልጋዬ ላይ የከመርሽውን ሽቦ አንሺልኝ። ልመጣ ነው።

ልጅሽ


ቴሌግራም
መጋቢት 8

ሂሳብሽን እንዳትነኪ። ቀዩ ክር መጨረሻ ነው። ለገጠማት ሰው ንገሪው። ደብዳቤ ይከተላል። እናትሽ


መጋቢት 8

ልጄ፣

ቴሌግራሙን ልኬ ከፖስታ ቤት ሳልወጣ እዚሁ ባንኮኒው ላይ ነው የምጽፍልሽ። ወርክሾፕ ገብቼ ብጽፈው አባትሽ «አንብቢልኝ» ይለኛል፤ ይህ ደግሞ ለእሱ የሚነበብ አይደለም። እዚህ ያለው እስክሪብቶ በገመድ ስለታሰረ አጎንብሼ ነው፤ ወገቤ ሊበጠስ ነው። ስለ መሐላሽ በኋላ እንጣላለን። ዛሬ የምናዘዘው እኔ ነኝ።

ኃይል ሲጨምሩላት የሚብስባት ማግኔት ደካማ አይደለችም፤ ወደ ተቃራኒው የምትስብ ናት። ይህን የዚያን ጊዜ ደብዳቤሽን ሳነብ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን የተማረ ሰው ባለበት ቤት እኔ ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት። አሁን ቀይ ክር አሰርኩ ያልሽውን ሳነብ ሥራዬን ጥዬ ወደዚህ ሮጥኩ።

እኔ የማውቀው ጠምጣሚ ሁሉ፣ ገጣሚው ኃይሉን በየት በኩል እንደሚያስገባ እንዲያውቅ፣ ቀይ ክር የሚያስረው በሽቦው መጀመሪያ ላይ ነው። መጨረሻው ላይ የምናስረው እኛ ብቻ ነን። ለምን ብትይኝ፣ በኔ ኩራት ምክንያት ነው።

ከአባትሽ ጋር በተጋባን በሁለተኛው ሳምንት ወርክሾፕ ገባሁ። ሽቦ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ግን «አውቃለሁ» ብዬው ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ቬንትሌተር አብረን ጠመጠምን። እሱ ያስረዳል፣ እኔ የምሰማ መስዬ እሱን እያየሁ ዋልኩ። በማግስቱ እሱ በጠዋት የሆነ ቦታ ተጠርቶ ወጣ፤ እኔም ብቻዬን አሥራ ሁለት ጥቅል ጠምጥሜ፣ በአሥራ ሁለቱም ላይ ክሩን መጨረሻው ላይ አስሬ ደረደርኩ። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ አየና «ይሄ ሁሉ ተገልብጧል እኮ» አለኝ። ሌሎቹም ሥራቸውን አቁመው ያዩኝ ጀመር። ፊቴ እሳት ሆነ። «እኔ በተማርኩበት ቦታ ቀዩ መጨረሻ ነው» አልኩ። የተማርኩበት ቦታ የለም! በዚያው ቅጽበት አባትሽ ከውጭ ገባ። ሁላችንንም አየ፣ ጥቅሎቹን አየ፣ «ብልህነት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ቀዩ መጨረሻ ይሁን» አለ።

አመነኝ፣ ምስኪን። የምንጠመጥመውም የምንገጥመውም እኛው ስለሆንን እስከ ዛሬ ማንም አልተጎዳም። አንቺንም እንደዚያው አስተማርኩሽ፤ ሌላ ቦታ ሄደሽ ትጠመጥሚያለሽ ብዬ መቼ አሰብኩ?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እኔን ካላመንሽ ኮምፓስ አስጠጊላት፤ እሱ ይነግርሻል። ለአባትሽ ግን አደራ! ዓለም በሙሉ ይወቅብኝ፣ እሱ ብቻ እንዳይሰማ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያመነኝን ሰው ፊት ምን ብዬ አያለሁ?

እናትሽ


መጋቢት 11

እማዬ! እማዬ! እማዬ!

ይዞራሉ!

ደብዳቤው ይከተላል ብለሻል፤ ገና አልደረሰኝም፣ ልጠብቀውም አልቻልኩም። ቴሌግራምሽ ትናንት ከምሳ በኋላ መጣ። እኔ ምኑም አልገባኝም፤ ቀዩ መጨረሻ መሆኑን ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ። «እናቴ የተቆረጠው ጣቴ ሳይሆን ጭንቅላቴ መስሏታል» ብዬ ለሁሉም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሁሉም ሳቁ። ዝምተኛው ብቻ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«መጨረሻ?» አለ።

«መጨረሻ ነዋ!»

«እኔ እኮ መጀመሪያ ብዬ ነው የገጠምኳት።»

ጉልበቷን ስንለካ አቅጣጫዋን ማንም አላየም ነበር፤ ቀይ ክር ታስሮ እያለ ማን ያያል? ዝምተኛው ሮጦ ኮምፓስ አመጣ። መርፌው ዞር ብሎ ሁላችንንም አሳፈረን። ሁለቱን ሽቦዎች ለማቀያየር አራት ደቂቃ ፈጀበት።

ከዚያ ቀለበቱን አስነሳነው። መቶ እጥፍ። መቶ ሃምሳ። ሁለት መቶ ሲል ከጎኔ ያለችው ልጅ ክንዴን ጨምቃ አበለዘችው። አለፉ! ሦስት መቶ፣ አምስት መቶ፣ ሰባት መቶ እያሉ ሄዱ፤ ማግኔቶቹም በሂሳቤ ልክ አብረዋቸው እየጠነከሩ ሄዱ። ስምንት መቶ ሲሞላ ብርሃኑ በካሜራው ላይ ታየ። እማዬ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሰማያዊ ነገር ናት፤ ዓይኔን ከእሷ ልነቅል አልቻልኩም። አለቃዬ በስድሳ ዓመታቸው ወንበር ላይ ቆመው አጨበጨቡ። እኔ አለቀስኩ። ዝምተኛው የወር ቃሉን በአንድ ከሰዓት ጨረሰ፤ ይቅርታ ሲጠይቀኝ፣ እኔም ስጠይቀው፣ እሱም መልሶ ሲጠይቀኝ።

ሂሳቤ ልክ ነበር! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። የመሳቢያውን ደብዳቤ ቀዳድጄ ጣልኩት። ቀለበቱ አይፈታም፣ ማንም አይበተንም፣ ሐኪሞቹም ተጠርተዋል። ክሩን ወደ መጀመሪያው ላዛውረው ብዬ አለቃዬን ብጠይቅ «ማንም እንዳይነካው፣ ያዳነን እሱ ነው» አሉ።

ሽቦሽን መልሰሽ አልጋዬ ላይ መከመር ትችያለሽ።

ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ዝምተኛው የትም ብትሄጂ ቀዩ መጀመሪያ ነው ይላል። የኛ ቤት ለምን ተገለበጠ? አባዬን ጠይቂልኝ።

ልጅሽ


መጋቢት 23

ልጄ፣

አባትሽ ነኝ። ጽሕፈቴን ካየሽ ብዙ ጊዜሽ ነውና እንዳትደነግጪ፤ ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽ ዕቃ ልትገዛ ወጥታለች። ከመመለሷ በፊት ልጨርስ።

ደብዳቤሽን ስታነብልኝ «ይዞራሉ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። የዚያን ቀን ሥራ የሚባል አልሠራንም። ፓምፑን ሊወስድ የመጣውን ሰውዬ አቅፌ ሳምኩት፤ አሁን ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን የእናትሽ ድምፅ ፈጠነ። ጆሮዬ ቢደክምም እናትሽ መስመር ስትዘል አውቃለሁ። ዛሬ ስትወጣ መነጽሬን አድርጌ ራሴ አነበብኩት። «አባዬን ጠይቂልኝ» ብለሻል። አልጠየቀችኝም። እኔው ልመልስልሽ።

እናትሽ ወርክሾፕ የገባች ዕለት የጠመጠመችው የአንድ ፀጉር አስተካካይ ቬንትሌተር ነበር። ክሩን አምኜ ገጠምኩና በዚያው ቀን አስረከብኩት። በማግስቱ ጠዋት እናትሽ ወርክሾፕ ሳትገባ ሰውየው እየጮኸ መጣ። ቬንትሌተሩ ፊቱን ወደ ደንበኛው አዙሮ የሚነፍሰው ወደ ኋላው ነው። የተቆረጠውን ፀጉር ሁሉ ከወለል እየሳበ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፤ ሄጄ ሳየው ግድግዳው ጢም አብቅሏል። ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየርኩለትና «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። ስመለስ መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር።

ስገባ አሥራ ሁለት ጥቅል ደርድራ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ለሠራተኞቹ ስለተማረችበት ቦታ ትናገራለች። ሽቦ ነክታ እንደማታውቅ ወንድሟ ከሠርጋችን በፊት ነግሮኝ ነበር። ልጄ፣ እውነቱን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብናገር በማግስቱ አትመጣም። ክር ደግሞ ክር ነው፤ በየትኛውም ጫፍ ቢታሰር እኛ እንለምደዋለን። እሷ ከሄደች ግን በምን እመልሳታለሁ?

እስከ ዛሬ ቀዩን ክር ስታስር ባየኋት ቁጥር ሳቄ ይመጣል። «ምን ያስቅሃል?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ።

ያመንኳት ይመስላታል። አደራሽን፣ ማወቄን እንዳትነግሪያት።

በሩ ተከፈተ፤ መጣች። ቀይ ክርም ገዝታለች።

አባትሽ